የዲስክ ቦታ ሂሳብን መፈተሽ ለጅማ ተመራቂዎች የሚሆን ሥራ ነው

ሰርቨሩ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ብሎ ሥራ ያቆማል። ባለሙያው ዲኤፍ የሚባለውን ትእዛዝ ሲያስኬድ 40 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ይታየዋል። አንዳንዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዲዩ የሚባለው ትእዛዝ ፋይሎቹን ደምሮ 60 ጊጋባይት ሲል ዲኤፍ 95 ጊጋባይት ተይዟል ይላል። የተለመደው መድኃኒት ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የሚሠራው ግን ሜሞሪ ውስጥ የተዛባው ቆጣሪ ጠፍቶ፣ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ኮድ) ቁጥሩን ከዲስክ እንደ አዲስ ስለሚያነብ ነው። ያዛባው ኮድ እዚያው ተቀምጧል፤ ሲቆይ ያው ጥሪ ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ያለ ስህተት በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት ኮድ) ውስጥ በየጊዜው ይገኛል፣ ይታረማልም። ጣጣው ከእርማቱ በኋላ ነው። ሪግሬሽን ቴስት፣ ማለትም የታረመው ስህተት ተመልሶ ሲገባ የሚጮህ ትንሽ ስክሪፕት ካልተጻፈ፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ኮዱን «ሲያሳምር» ስህተቱን መልሶ ያስገባዋል። ሐሳባችን አጭር ነው፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኮምፒውተር ተመራቂዎች ከሚሠሯቸው ፕሮጀክቶች ጥቂቶቹ ይህን ሥራ ይሁኑ። የምዝገባ ሲስተም፣ የፋርማሲ ሲስተም፣ የመጋዘን ሲስተም በቂ ተሠርቷል። አንድ ጥሩ ቴስት ከ50 እስከ 100 መስመር ቢሆን ነው፤ የሚጠይቀው ላፕቶፕና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ስህተት ያልሆነውን መለየት ይገባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። ኤክስቲ4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ሲፈጠር ከጠቅላላው ቦታ 5 በመቶውን ለሩት፣ ማለትም ለዋናው አስተዳዳሪ ተጠቃሚ ያስቀምጣል፤ በ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ 50 ጊጋባይት ገደማ ነው። ተራው ተጠቃሚ «ሞልቷል» ሲባል ሩት አሁንም ይጽፋል። የተሰረዘ ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይልም እንዲሁ ነው፤ ስም ስለሌለው ዲዩ አያየውም፣ ብሎኮቹን (ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ግን ዲኤፍ እንደተያዙ ይቆጥራቸዋል። የምዝግብ ፋይልን ሰርዞ ፕሮግራሙን አለማስነሳት በየቦታው የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ኤልኤስኦኤፍ በሚባለው ትእዛዝ ወዲያው ይጋለጣል። ብሎክ ተትረፍርፎ አይኖድ (የእያንዳንዱ ፋይል መዝገብ) ካለቀም ያው «ቦታ የለም» የሚለው ስህተት ቁጥር 28 ይመጣል። እነዚህን ሳያጣሩ «ባግ (የኮድ ስህተት) አገኘሁ» ማለት አማካሪንም ራስንም ማድከም ነው።

እውነተኛው ስህተት የሚወለደው ቦታ የሚሰጠው በሁለት እርምጃ በመሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ሲጽፍ ፋይል ሲስተሙ በመጀመሪያ ቦታ ያስይዛል፤ ዳታው ሜሞሪ ውስጥ ይቆያል። የትኛው ብሎክ እንደሚሰጠው የሚወሰነው በኋላ፣ ወደ ዲስክ ሲወርድ ነው። በመካከል ጽሑፉ ቢከሽፍ የተያዘው ቦታ መመለስ አለበት። በቡና መጋዘን ቋንቋ፣ ባለ 60 ኪሎ 100 ጆንያ ሊወጣ ነው ተብሎ ከቢን ካርዱ (የክምችት መቁጠሪያው ካርድ) ተቀነሰ፤ መኪናው ሳይጭን ተመለሰ፤ ካርዱን ግን ያስተካከለ የለም። የዚህ ተቃራኒም አለ። የተያዘው ቦታ ሁለት ጊዜ ሲመለስ ቆጣሪው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ምልክት በሌለው ባለ 64 ቢት ቁጥር ሲነበብ ደግሞ 16 ኤክሳባይት የሚጠጋ የማይመስል ቁጥር ይወጣል። ይህኛው ቢያንስ ለዓይን ይታያል። የከፋው በአንድ ጊዜ 4 ኪሎባይት ብቻ እየሰረቀ ለወራት የሚሄደው ነው።

ቴስቱ ትንሽ ዲስክ ይፈልጋል። ትራንኬት በሚለው ትእዛዝ 1 ጊጋባይት የሚያክል የምስል ፋይል ይፈጠራል፣ በሎሴትአፕ ትእዛዝ ሉፕ ዲቫይስ (እንደ ዲስክ የሚታይ ፋይል) ይደረጋል፣ ፋይል ሲስተም ተፈጥሮበት ማውንት ይደረጋል፣ ማለትም ለሥራ ይከፈታል። ትንሽ መሆኑ ዲስኩን በሰከንዶች ለመሙላት ያስችላል። ከዚህ በጣም ማሳነስ ግን አይመከርም፤ አዳዲሶቹ የኤክስኤፍኤስ (ሌላው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) መሣሪያዎች ከ300 ሜጋባይት በታች የሆነ ፋይል ሲስተም አንፈጥርም ይላሉ። አንድ ወጥመድም አለ። የምስሉ ፋይል ሲፈጠር ባዶ ቅርጽ እንጂ ቦታ አልያዘም፤ የላፕቶፑ ዲስክ ራሱ 1 ጊጋባይት ነጻ ከሌለው በመካከል የሚመጣው የግብዓትና የውጤት ስህተት የፋይል ሲስተም ባግ ይመስላል።

ልኬቱ በብሎክ ቁጥር ይሁን። ዲኤፍን ለሰው በሚመች አጻጻፍ በሜጋና በጊጋ ማንበብ ቴስት ውስጥ ክልክል መሆን አለበት፤ የተጠጋጋ ቁጥር የሚደብቀው የምንፈልገውን ነው። ስታት የሚባለው ትእዛዝ ከኤፍ ምርጫ ጋር ጠቅላላ ነጻ ብሎክንና ለተራ ተጠቃሚ የሚገኘውን ለየብቻ ይሰጣል፤ የብሎኩን መጠንም እንዲሁ። 4096 ብሎ በእጅ መጻፍ አይገባም፤ ባለ 64 ኪሎባይት ብሎክ ፋይል ሲስተም ላይ ቴስቱ ይሳሳታል። የአንድ ፋይል ብሎክ ብዛት በስታት ሲነበብ ደግሞ አሃዱ ብዙውን ጊዜ 512 ባይት ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ስምንት እጥፍ የሚሳሳት ቴስት ይጽፋል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ማውንት ከተደረገ በኋላ የሚጠረጠረው ሥራ አንድ ጊዜ ለማሟሟቅ ይሠራና ይሰረዛል፤ ሲንክ ይደረጋል (ሜሞሪ ውስጥ ያለው ወደ ዲስክ ይወርዳል)፤ ነጻው ብሎክ ይመዘገባል፤ ይህን ሀ እንበለው። ከዚያ አንድ የሥራ ማውጫ ተፈጥሮ ሥራው በውስጡ 1000 ጊዜ ይደገማል። ማውጫው በሙሉ ይሰረዛል፤ ይህ የሚያስፈልገው የኤክስቲ4 ማውጫ አንዴ ካደገ ፋይሎቹ ቢሰረዙም ስለማይቀንስ ነው። ሲንክ ተደርጎ ለ ይመዘገባል። ፋይል ሲስተሙ አንማውንት ተደርጎ እንደገና ማውንት ሲሆን ሐ ይመዘገባል። በመጨረሻ አንማውንት ተደርጎ፣ የፋይል ሲስተም መመርመሪያው ኤፍኤስሲኬ ምንም በማያስተካክል የንባብ ምርጫ ይሠራል። ማውንት ተደርጎ ሳለ ኤፍኤስሲኬን ማስኬድ ከንቱ ነው፤ በኤክስቲ4 ዋናው መዝገብ ላይ ያለው የነጻ ብሎክ ቁጥር በየደቂቃው ስለማይታደስ የሌለ ስህተት ይዘረዝራል።

የሦስቱ ቁጥሮች ዝምድና ምርመራውን ግማሽ ያደርሰዋል። ለ ከሀ አንሶ ሐ ከሀ ጋር እኩል ከሆነ የተዛባው የሜሞሪው ቆጣሪ ነው፤ ማሽኑን ማጥፋትና ማስነሳት የሚፈውሰው ይህን ነው። ለና ሐ እኩል ሆነው ሁለቱም ከሀ ካነሱ ቦታው ዲስኩ ላይ በእርግጥ ተይዟል፤ ባለቤት የሌለው አይኖድ ወይም ሳይለቀቅ የቀረ ብሎክ አለ፣ ኤፍኤስሲኬ ሊነግረን ይገባል። ሦስቱም እኩል ሆነው ኤፍኤስሲኬ «የነጻ ብሎክ ብዛት ስህተት ነው» ካለ ቆጣሪውና የብሎክ ካርታው ተለያይተዋል። ሦስቱን በአንድ «አልተሳካም» በሚል መልእክት መጠቅለል የቴስቱን ግማሽ ዋጋ መጣል ነው፤ ስክሪፕቱ ሦስቱንም ቁጥር ይጻፍ።

ሥራው ምን ይሁን? የቆጠራ ስህተት በአብዛኛው የሚደበቀው በተሳካው መንገድ ሳይሆን በከሸፈው ነው። ዲስኩን ጥርቅም አድርጎ ሞልቶ፣ ከቀረው የሚበልጥ ቦታ በፋሎኬት (ቦታ አስቀድሞ በሚያስይዘው ትእዛዝ) 1000 ጊዜ መጠየቅ፤ ሁሉም በቁጥር 28 መከልከል አለባቸው፣ የተጠየቀበት ፋይል ሲሰረዝም ነጻው ቦታ እንደነበረ መገኘት አለበት። በሞላ ዲስክ ላይ ባዶ ቀዳዳ ባለው ፋይል መካከል መጻፍ፣ የኮታ ጣሪያው (የተመደበለት የቦታ ገደብ) ለሞላ ተጠቃሚ የፋይል ባለቤትነትን በቾውን ትእዛዝ ማዛወር፤ የኋለኛው የሚከሽፈው በቁጥር 122 ነው፣ የሁለቱም ተጠቃሚዎች ሂሳብ እንደነበረ መገኘት አለበት።

ቀዳዳ መቅደድ፣ ማለትም ከፋይል መካከል ቦታ ማስለቀቅ፣ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አምስት ባለ 4096 ባይት ብሎክ የያዘ ፋይል አለ እንበል። ከባይት 1000 ጀምሮ 8192 ባይት ቢቀደድ ስንት ብሎክ ይለቀቃል? ሁለት የሚል መልስ ይፈጥናል፤ ትክክሉ አንድ ነው። ቀዳዳው እስከ ባይት 9191 ይደርሳል፤ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው ከ4096 እስከ 8191 ያለው ብቻ ነው፣ የዳርና ዳሩ በዜሮ ይሞላል እንጂ አይለቀቅም። ስታት ከ40 ወደ 32 መውረድ አለበት። ይህን ቁጥር ቀድሞ በወረቀት ያላሰላ ሰው ቴስቱ የሰጠውን ሁሉ «ትክክለኛው ውጤት» ብሎ ይመዘግባል፤ ስህተቱንም አብሮ ያጸድቃል።

ፋይል ሲስተሞቹ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲያድግ ወደፊት ሊጨምር ይችላል ብሎ ከመጨረሻው አልፎ ቦታ ይይዛል፤ ይህን ትርፍ በጀርባ የሚለቀው በነባሪው 300 ሰከንድ ቆይቶ ነው። ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው ሦስተኛው ፋይል ሲስተም የተሰረዘውን የሚመልሰው ትራንዛክሽኑ (የለውጦቹ ጥቅል) ሲጸና ነው፤ ነባሪው 30 ሰከንድ ነው። ቦታውንም ለዳታና ለሜታዳታ (ስለ ፋይሎቹ ለሚያዘው መዝገብ) በትላልቅ ክፍል ስለሚከፋፍለው የዳታው ክፍል ባዶ ሆኖ ሜታዳታው ሊያልቅ ይችላል። በጣም ትንንሽ ፋይሎችን ሜታዳታው ውስጥ ስለሚያስቀምጣቸውም የዳታ ብሎክ አይቆጥሩም። ለዚህ ሁሉ ብዙዎች የሚወስዱት አቋራጭ ስክሪፕቱን ጥቂት ሰከንድ ማስተኛት ነው። አንደግፈውም። በሲንክና በአንማውንት የሚጨርስ ነገር በእንቅልፍ አይፈታም፤ የዛሬው 5 ሰከንድ በዘገየ ማሽን ላይ አይበቃም፣ ቴስቱም አንዴ እያለፈ አንዴ እየወደቀ ማንም የማያምነው ይሆናል።

የተፈቀደ ልዩነትም እንዲሁ በግምት አይሰጥም። በ1 ጊጋባይት ላይ 5 በመቶ መፍቀድ 50 ሜጋባይት ፍሳሽ መደበቅ ነው፤ 1000 ድግግሞሽ በየጊዜው አንድ ብሎክ ቢያፈስ የሚጠፋው 4 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነውና አይያዝም። ልዩነት ከታየ ሥራውን በ100 እና በ1000 ድግግሞሽ ማነጻጸር ይሻላል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ካደገ ፍሳሽ ነው፤ ባለበት ከቆመ አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው፣ ያም በስንት ብሎክ እንደሆነ ከነምክንያቱ ስክሪፕቱ ውስጥ ይጻፋል።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣውን ስህተት ለመፈተን መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጅማ ላይ ብዙም ባያስጠብቅ። ኤክስኤፍኤስ አይኦ የሚባለው መሣሪያ ፋይል ሲስተሙን በድንገት የሚዘጋ ትእዛዝ አለው። ፋይል ከፍቶ፣ ሰርዞ፣ ሲንክ አድርጎ፣ ፋይሉን ሳይዘጉት ፋይል ሲስተሙን መዝጋት፤ ከዚያ ፋይሉን የያዘውን ፕሮግራም አቁሞ፣ አንማውንት አድርጎ እንደገና ማውንት ማድረግ። ባለቤት አልባው ፋይል በዚያን ጊዜ መጽዳትና ቦታው መመለስ አለበት።

ቴስቱ ስህተቱን እንደሚይዝ ሳይታይ ቴስት አይባልም። እርማቱ የሌለበት ከርነል ላይ መውደቅ፣ ያለበት ላይ ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ የኢንተርኔቱ ነገር ይነሳል፤ የከርነሉ ሙሉ ታሪክ ብዙ ጊጋባይት ነው። ግን አያስፈልግም። የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ፣ ጥልቀቱን 1 አድርጎ ማውረድና የእርማቱን ፓች (የኮድ ለውጡን ጽሑፍ) ገልብጦ ማውጣት ይበቃል፤ ሁለቱ ከርነሎች ተሠርተው በኪውኢሙ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ይነሳሉ። ስህተቱ የሁለት ክሮች (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ ሥራዎች) እሽቅድምድም ከሆነ አንድ ጊዜ ማስኬድ ምንም አያረጋግጥም። ከ10 ሙከራ በአንዱ የሚታይ ስህተት በ20 ሙከራ አንዴም ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 12 በመቶ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች ለማውረድ 44 ሙከራ ያስፈልጋል።

የተጠናቀቀው ስክሪፕት ወደ ኤክስኤፍኤስቴስትስ ይገባል። መጀመሪያ ለኤክስኤፍኤስ የተሠራው ይህ የቴስት ስብስብ ዛሬ ኤክስቲ4ንም ቢቲአርኤፍኤስንም ያገለግላል፤ የዲስክ መሙላትና የኮታ ቴስቶች የየራሳቸው ምድብ አላቸው። የቴስቱን ውጤት ከተቀመጠ ትክክለኛ ውጤት ጋር ያነጻጽራል፣ ከየቴስቱ በኋላም ፋይል ሲስተሙን ራሱ ይፈትሻል። እውነተኛ ዲስክ መስጠት አደገኛ ነው፤ ስክራች (መሞከሪያ) ተብሎ የተሰጠውን እየደጋገመ አጥፍቶ ይፈጥረዋል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበትን ክፍል በስህተት የሰጠ ተማሪ ሲያለቅስ ይኖራል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ነው። በከተማው ሆስፒታሎች፣ ቡና ላኪዎችና መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ያሉ ሊኑክስ ሰርቨሮች የሚሠሩት በእነዚሁ ፋይል ሲስተሞች ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከዚያ መርህ የሚያርቅ አይደለም። ግምገማው ግን መቀየር አለበት። ስክሪን ብዛትና የዳታቤዝ ሠንጠረዥ የሚቆጥር ፈታኝ በ80 መስመር ስክሪፕት ይስቃል። የሚጠየቀው እርማቱ ወጥቶ የወደቀበት ውጤት፣ እርማቱ ገብቶ ያለፈበት ውጤት፣ የድግግሞሹ ቁጥርና የተፈቀደው ልዩነት ስሌት ይሁን። ፓቹ በግልጽ ጽሑፍ በኢሜይል ይላካል፤ ገምጋሚዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ አስተካክሉ ማለታቸው የተለመደ ነውና፣ የመጀመሪያው ቅጂ እስከ አንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ ካልተላከ እስከ ምረቃ አይደርስም።