ለማይወርደው ዋጋ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ ማምሻውን በደብረ ብርሃን ከሚገኙት ግሮሰሪዎች በአንዱ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ቢራ በ110 ብር፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ130 ብር ጠጣሁ። ሁለቱ ጠርሙሶች ከአንድ ሳጥን የወጡ፣ በአንድ ፍሪጅ ያደሩ፣ እያንዳንዳቸውም 330 ሚሊ ሊትር የሚይዙ መንትዮች ሲሆኑ፣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለፈው ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ አስተናጋጇን ብጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ኳስ ተጀምሯል እኮ» አለችኝ። እኔ የተቀመጥሁት ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወትም አላውቅም። ይሁን እንጂ ከኋላዬ የሚጮኸውን ሕዝብ ጩኸት እስከ ዛሬ በነጻ ስሰማ መኖሬ አግባብ እንዳልነበረ አሁን ተገልጦልኛልና፣ ስለ 20 ብሩ ባለ ግሮሰሪውን አመሰግናለሁ። አንባቢም በየሰፈሩ ድርሻውን እንደ ተቀበለ ስለማውቅ ምስጋናውን የማቀርበው በሁላችንም ስም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሰገን የሚገባው የባለ ግሮሰሪዎቻችን የምክንያት አያያዝ ነው። በእኛ ዘንድ ቢራ ያለ ምክንያት ጨምሮ አያውቅም። ጾም ሲገባ ጠጪ ስለ ቀነሰ ይጨምራል፤ ጾም ሲፈታ ጠጪ ስለ በዛ ይጨምራል። መንገድ ሲዘጋ «መኪና አልገባም» ተብሎ፣ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ «እንግዳ በዛ» ተብሎ ይጨምራል። ምክንያቱ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሁለትና ሦስት ቀን ከርሞ ይሄዳል፤ ይዞት የመጣው ዋጋ ግን ጎጆ ቀልሶ፣ ርስት ተመርቶ እዚያው ይቀራል። የፋሲካው ጭማሪ ዳግማይ ትንሣኤን አልፎ ጰራቅሊጦስ ላይ ሲገኝ ማንም «አንተ እስካሁን አልሄድህም?» ብሎ አይጠይቀውም።

ለፍትሕ ያህል፣ ከጭማሪው ውስጥ እውነተኛም እንዳለበት አልክድም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ቢራ ከፍ ያለ ግብር የሚከፈልበት ዕቃ ነው፤ በላዩም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጫንበታል። ለመጥመቂያው የሚገባው፣ ለቢራ ምሬቱን የሚሰጠው ሆፕስም በዶላር ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ቢራ ብቻውን ባለበት እንዲቆም የሚጠብቅ የዋህ አልነበረም። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ዜናው የተነገረው ሰኞ ሲሆን፣ በዚያው ሰኞ ማታ አንድ የማውቀው ባለ ግሮሰሪ ከሁለት ሳምንት በፊት ገዝቶ በጓዳው እስከ ጣራ የደረደረውን ቢራ በአዲስ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ቆርኪው እንደ ታሸገ፣ ከጨለማ ጓዳ ሳይወጣ፣ ሬዲዮም ሳይሰማ የምንዛሪውን ነገር ከባንኮች እኩል የተረዳ ቢራ ዓለም አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

የፍሪጁንም ነገር ማንሣት ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አመድ የሚያስመስልባት ከተማ ናት። እዚህ ቢራ ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው መስኮት ብቻ ነው። ሆኖም «የመብራት ሒሳብ ከበደን» ተብሎ ይጨመራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ጄኔሬተሩ ነዳጅ ፈጀብን» ተብሎ ይደገማል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ባዩት ብርሃን በተሰየመች ከተማ ብርሃን ቢኖርም ባይኖርም የሚያስከፍል ሊቅ ይነሣል ብሎ ማን ያስብ ነበር? ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሙቀቱ ስለሚበረታ በዚያ ያለው ባለ ግሮሰሪ ቢያንስ የሚያቀዘቅዘው ነገር አለው። የእኛው የሚያስከፍለን ብርዱን ነው።

የሜኑው ታሪክ ግን ለብቻው ሊተረክ ይገባል። በዚያ ቅዳሜ ሁለተኛውን ቢራ እየጠጣሁ ሜኑውን ሳገላብጥ በምግቡ በኩል ስስ ሆኖ በቢራው በኩል እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁት። ምክንያቱን ስመረምር ዋጋው በተለወጠ ቁጥር በአሮጌው ላይ አዲስ ወረቀት ሲለጠፍ መኖሩን ተረዳሁ። የጥንት ጸሐፊዎች ብራና ላይ ሲሳሳቱ ፍቀው ይጽፉ ነበር፤ የእኛ ባለ ግሮሰሪ ግን ታሪክ አክባሪ ስለሆነ አይፍቅም፣ ይደርባል። እኔም በጥፍሬ ቀስ እያልሁ መግለጥ ጀመርሁ። ከላይ በኮምፒውተር የተጻፈ 110 ነበረ። ከሥሩ 100፣ ከዚያ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ 85፣ ከዚያም የዚያን የዶላር ክረምት መዓዛ የያዘ 70 ወጣ። ቀጥሎ የነበረውን 60 ሳነሣው ሙጫው አብሮ መጣና ጣቶቼ ተጣበቁ፤ እነርሱን ሳላቅቅ ከሥሩ 45 ብቅ አለ። ከ45ቱ ሥር ግን 50 ነበረ።

አንባቢ ሆይ፣ ደግሜ አየሁት። መነጽሬን ጠርጌ አየሁት። 45ቱ ከላይ፣ 50ው ከታች ነው። ይህ ማለት በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ቢራ ቀንሶ ነበር ማለት ነው! ልቤ እየመታ አስተናጋጇን ጠራሁ፤ እርስዋም ከመምጣቷ በፊት ስለነበረ አታውቅምና ገንዘብ ተቀባዩን ጠራችልኝ። ገንዘብ ተቀባዩ ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠግቶ ሲመለከት ፊቱ ተለወጠ። ከዓመታት በፊት አንድ ሜኑ የሚያጸዳ ልጅ ተላቅቆ የወደቀ አሮጌ ዋጋ መሬት ላይ አግኝቶ፣ የወደቀውን ወደ ቦታው መመለሱ መስሎት በአዲሱ ላይ ለጥፎት ነበር። ስሕተቱ የተገኘው ከቀትር በኋላ ሲሆን እስከዚያ ድረስ 11 ቢራ በ45 ብር ተሸጦ ልዩነቱ ከልጁ ደመወዝ ተቈረጠ። ወሬው በከተማው ተሰምቶ ማታ ሰው ሲጎርፍ ዋጋው 60 ሆኖ ጠበቀው፤ ምክንያቱም ሰው በዝቶ ነበር። ከዚህ በኋላ የቀረውን መግለጥ ቀላል ነበረ፤ 35 አለፈ፣ 25 አለፈ፣ ከሁሉ በታችም አፉ ድረስ የሞላ የጃምቦ ሥዕል ካጠገቡ የታተመበት 18 ብር ተኝቶ አገኘሁት። ያ ጃምቦ አረፋው አንድ ጣት አይሞላም። ዛሬ ድራፍት ያዘዘ ሰው ከብርጭቆው ሲሶውን ጢሙን በአረፋ ለመላጨት ይጠቀምበታል እንጂ አይጠጣውም።

ይህን እያደረግሁ ሳለ ነው ከጎኔ የተቀመጠ ጎልማሳ ሒሳብ ቀርቦለት አስተናጋጇን «ሌባ» ብሎ የሰደባት። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ደርቆ የነበረውን ጠረጴዛ ሁለት ጊዜ ወለወለችው። ይህን እየሳቅሁ ልጽፈው አልችልም። ዋጋውን የጨመረው ሰው ከባንኮኒው ኋላ ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል፤ ስድቡን የምትቀበለው ግን ከ20 ብሩ አንዲት ሳንቲም የማትደርሳት፣ እኩለ ሌሊት ላይ የባጃጅ ከኪስዋ ከፍላ የምትገባ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ጠጪው በጭማሪው ሲናደድ አስቀድሞ የሚያስቀረው የእርስዋን ጉርሻ ስለሆነ፣ ጭማሪውን ከሁላችን በፊት የምትከፍለው እርስዋ ናት። ዋጋ የሚጨምር ሰው ወጥቶ፣ ዓይናችንን አይቶ፣ «እኔ ነኝ የጨመርሁት» ለማለት ለምን ያፍራል? የሚያፍርበት ከሆነስ ለምን በልጅቷ ገላ ይከለላል? «ሌባ» ያለው ሰውዬም ባለቤቱ ሲያልፍ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨብጦታል፤ እርሱንም አልረሳሁትም።

ስለ እኛ ስለ ጠጪዎችም ጥቂት ልበል፤ ያለ እኛ ይህ ሁሉ ጥበብ ባልበለጸገም ነበር። አንዱ ጠረጴዛ እየደበደበ «ይህ ዘረፋ ነው!» ይልና ንግግሩ ጕሮሮውን ስለሚያደርቀው አንድ ይደግማል። ሌላው ዋጋ በጨመረ ቁጥር ክብሩ የጨመረ ይመስለዋልና ባዶውን ጠርሙስ አላስነሣም ብሎ በጠረጴዛው ላይ እንደ ግዳይ ይደረድራል። «ከዛሬ በኋላ ጠላ ቤት ነው የምሄደው» የሚለውም አለ፤ እርሱን በነገታው እዚያው ወንበር ላይ አገኘዋለሁ፣ እርሱም እኔን ያገኘኛል።

ጠላ ቤትማ ብንሄድ ኖሮ የምንማረው ነበር። ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍታ ደጇ ላይ የምታቆመው እናትም ጌሾና ብቅል ሲወደድባት ትጨምራለች፤ ነገር ግን ሳትቀዳ በፊት ትናገራለች፤ የቀዳችውንም ኳስ ስለ ተጀመረ አታስወድድም። ገብሱ ያው አንድ ገብስ ነው። በዙሪያችን፣ በባሶና ወራናም በመንዝም፣ ውርጭ እየተመታ የሚበቅል ነው፤ የቢራ ፋብሪካም ከከተማችን አልራቀ። ገበሬው ማሳው ሆኖ ቢጣራ ሊሰማ በሚችልበት ርቀት ቢራው ተጠምቆ፣ ተጭኖ፣ ሁለት ኩርባ ዞሮ ግሮሰሪው ሲደርስ «ትራንስፖርት» የሚባል ጭማሪ ተሸክሞ ይገባል።

ኳሱ ሲያልቅ ሒሳብ ጠየቅሁ፤ የጨዋታው ጊዜ ስላለፈ ምናልባት ሦስተኛው ቢራ ወደ 110 ተመልሶ ይሆናል ብዬ በልቤ ማሰቤን አልሸሽግም። 130 ነው። ከሥሩ ግን «ሜኑ፣ 200 ብር» የሚል መስመር አየሁ። ባለቤቱ በዚያች ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንኮኒው ኋላ ተነሥቶ መጣና፣ የላጥሁትን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ እየለቀመ፣ ፕላስቲኩ በዶላር የሚገባ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ትናንት ቢሆን 150 ነበር አለኝ።