ጎሚስታውን ማን ያንሳው?

ጥር 11 ቀን ጠዋት ጃንሜዳ ላይ ጸበሉ ሲረጭ ካሜራ ወይም ስልክ ያልያዘ እጅ ማግኘት ያስቸግራል። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ታላቅ በዓል ነው፤ ማንሳቱም ደስ ይላል። ማታ ላይ ግን ያንኑ የውኃ ፍንጣቂ፣ ያንኑ ነጠላ የለበሰች ዓይኗን የጨፈነች ወጣት በየገጹ እናያለን። የማን ሥራ እንደሆነ የሚለየው ከሥር የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ለጀማሪ ፎቶ አንሺ የሚሰጠው ምክር «ሰው የሚወደውን አንሳ» ነው፤ ይህ ምክር ሁሉንም አንድ ቦታ ያቆማል። መነሳት ያለበት፣ ማንም ባይጠይቅም፣ አንሺውን ራሱን የሚከነክነው ነገር ነው።

ጀርመናውያኑ ፎቶ አንሺ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤኸር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የውኃ ማማና የብረት ማቅለጫ ምድጃ ፊት ለፊት ቆመው ሲያነሱ ኖሩ። ጥላ እንዳይረብሻቸው ደመናማ ቀን ይመርጡ ነበር። እኛው አገር ፎቶ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ ያሉትን፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶዎች አንስቷል። ያንን ሐውልት ስንቱ በየቀኑ አልፎት ሄዷል!

የሚከነክን ነገር ትልቅ ርእስ መሆን የለበትም። «የአዲስ አበባ ሕይወት» የሚል ሥራ በሁለተኛው ሳምንት ይበተናል። በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጻፍ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ፦ ጎሚስታ ቀዳዳውን እንዴት ያገኘዋል? መንገድ ዳር አሮጌ ጎማ አቁሞ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ብሎ የጻፈበትን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎማውን ከቸርኬው ያላቅቃል፤ የውስጡን ላስቲክ ነፍቶ ውኃ ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል፤ አረፋ ከወጣበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ አድርቆ ይሞርደዋል፤ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ማስቲሹ እስኪጠነፍፍ ጠብቆ ይለጥፈዋል። እዚህ ውስጥ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ፎቶ አለ።

እዚህ ቦታ ካሜራ ይሳሳታል። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር፣ ፍሬሙ በጥቁር ጎማ ሲሞላ ብርሃን ይጨምራል፤ ጎማው አመድ ይመስላል፣ የሰውየው ግንባርም ይቃጠላል። የብርሃን ማካካሻውን፣ ማለትም ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን፣ ወደ −1 አውርዱት፤ ካልበቃ −1.3። በስልክ የምታነሱ፣ ፊቱ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ከቆለፋችሁ በኋላ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱት።

ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ መነሻው ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/125 ሰከንድና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 1600 ይሁን። አረፋው ግን በ1/125 ይደበዝዛል፤ 1/500 ይፈልጋል፤ ስለዚህ አይኤስኦው 6400 ይደርሳል። ፎቶው ይሻክር፤ ሻካራ ፎቶ ይታያል፣ የደበዘዘ አረፋ ግን አይድንም። ቁጢጥ በሉና የበሩ ብርሃን ከውኃው ባሻገር ወደ እናንተ እንዲመጣ ሁኑ። ከበስተጀርባው ያለው ጨለማ ከሆነ እያንዳንዱ አረፋ ጠርዙ ያበራል። በሩን ከኋላችሁ ካደረጋችሁት አረፋው ይጠፋል።

ውጭ፣ በሰማያዊ ሸራ ጥላ ሥር፣ ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። አውቶማቲኩ የቀለም ማስተካከያ ከፎቶ ፎቶ ስለሚለዋወጥ፣ ነጭ ወረቀት እዚያው ጥላ ሥር አንስታችሁ በእሱ አስተካክሉት። ግማሹ ፊት ፀሐይ፣ ግማሹ ሸራ ሥር ከሆነ ግን የትኛውም ማስተካከያ ሁለቱንም አያድንም፤ ሰውየውን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማስጠጋት ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ፀሐይ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ስለምትል ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል። ያኔ ውስጥ ያለውን እጅና መሣሪያ ማንሳት ይሻላል።

መጀመሪያ ቀን ካሜራ ሳትይዙ ሂዱ፤ ምን እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ ፈቃዱን ጠይቁ። የደንበኛ ታርጋ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። በሁለተኛው ጉብኝት ሰውየው ለካሜራ ይቆማል፣ በሦስተኛው መቆሙ ይሰለቸዋል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ከአራተኛው ጀምሮ ረስቷችሁ ሥራውን ይሠራል። አሥር ጊዜ ተመላለሱ፤ በአንድ ሌንስ፣ ሳትቀያይሩ። በየጉብኝቱ ካለፈው ጊዜ ሁለት ሦስት ፎቶ አሳትማችሁ ስጡት።

ኑሮ አለ፣ ሠርግና ምርቃት መነሳት አለበት፤ ያንን ተዉ አንልም። በሳምንት አንድ ጠዋት ግን ከማንም ደንበኛ ላይ መስረቅ ሳያስፈልግ ይገኛል።

ከአሥሩ ጉብኝት በኋላ አርባ ፎቶ መርጣችሁ በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሙና ወለል ላይ ዘርጉት። በስልክ ስታገላብጡ ያልታያችሁ ጉድለት ያኔ ይወጣል፦ ሰባቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ላስቲኩን ሲሞርድ የሚያሳይ ፎቶ አንድም የለም፤ ሁሉም የቀን ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ በአንድ አምፖል የሚሠራውን ጎሚስታ ገና አላነሳችሁትም።