ታቦር አነሰን

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከመናኸሪያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ፍቅር ሐይቅ በእግር ቢኬድ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት የለም። ከፍታ የናፈቀው ሰው ታቦር ተራራን ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የከተማችን ሴቶች ግን ይህን የተፈጥሮ በደል እጃቸውን አጣጥፈው አላዩትም። እያንዳንዷ በገዛ ገንዘቧ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ዳገት ገዝታ፣ ተረከዟ ሥር ሰክታ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ትገባለች። መንግሥትን ሳትጠብቅ፣ መዋጮ ሳትጠይቅ! እንዲህ ያለውን የልማት ተሳትፎ አለማመስገን ንፉግነት ነው፤ እኔም ሴት ሆኜ ዝም ብል ቅናት ይመስልብኛል።

(በትክክል ከተነጋገርን ነገሩ ዳገት ሳይሆን ቁልቁለት ነው። ተረከዝ ላይ፣ ጣት ታች። ሂል ያደረገች ሴት ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ስትወርድ ውላ እዚያው ሜዳው ላይ ናት። ግን ሰው ሲመሰገን እንዲህ ያለ ዝርዝር አይነሳም።)

ቀዳሚው ምስጋና ለኮብልስቶን ጀግኖች ይድረስ። የሰፈር ውስጥ መንገዶቻችን ሲነጠፉ በድንጋይና በድንጋይ መካከል የቀረው ክፍተት ልክ የታኮ ጫፍ ያህል ነው፤ አንጣፊው የጫማ ልክ ወስዶ የሠራው ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ከአቶቴ ወደ አስፋልቱ ስትወጡ ልብ ብላችሁ እዩ። አንዷ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ታኮው ገብቶ ቀርቷል። ያልሠለጠነ ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ ይነቅል ነበር። እሷ ወደ ታች አታይም። ስልኳን ታወጣለች፣ ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፣ ላልደወለ ሰው "እሺ፣ እሺ፣ እየደረስኩ ነው" ትላለች። ከወገብ በላይ ይህ የተከበረ ንግግር ሲካሄድ ከቁርጭምጭሚት በታች እግሯ እንደ ዛገ ቁልፍ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ታኮው ሲነቀል ስልኩም ይዘጋል። የታኮው ጎማ ድንጋዩ ውስጥ ቀርታለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በባዶ ምስማር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ነው። ጫማ ሰፊዎቻችን ልጆቻቸውን በምን እንደሚያሳድጉ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ይኸው።

ደግሞ ማን ነው በሂል መሄድ ቀላል ነው ያለው? ቀጭን የታኮ ጫፍ ከ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት አንድ እግሯን አንስታ በሌላው ተረከዝ ላይ ባረፈች ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ይወርዳል። በየእርምጃው! ይህንን እየሠራች ፈገግ ትላለች እኮ።

የዚህ ሁሉ ክብር ዋነኛ ባለውለታ ግን ስሟ የትም ሳይነሳ የኖረች ጥቁር ፌስታል ናት። ሌላ አገር ሰዎች "ለዘወትር ሂል ይሻላል ወይስ ፍላት?" እያሉ ይጨቃጨቃሉ አሉ። እኛ ጋ ይህ ጥያቄ ድሮ ተዘግቷል። ሁለቱም ነው። ፍላቱ ለመንገድ፣ ሂሉ ለሰው ዓይን፣ ፌስታሏ ለሁለቱም። ሥርዓቱን ያላያችሁ ካላችሁ ጠዋት የጋራ ባጃጅ ተሳፈሩ።

"እዚህ ጋ፣ ከጥጉ በፊት አቁምልኝ።"

"በሩ ድረስ ላድርስሽ እንጂ እናት፣ ሒሳቡ ያው ነው።"

"ተወው፣ እዚህ ይሻለኛል።"

ልጁ ገብቶታል። ሞተሩን ሳያጠፋ በመስታወቱ ሐይቁ ያለበትን አቅጣጫ ማየት ይጀምራል። ከኋላ ወንበር ላይ ሥራው ይጣደፋል፤ ከቦርሳው ፌስታሏ፣ ከፌስታሏ ሂሉ ይወጣል። አንድ ጉልበት የሹፌሩን ጀርባ ገፋ፣ "ይቅርታ"፣ ሁለተኛው ጉልበት ገፋ፣ "ይቅርታ"። የሂሉ አፍንጫ በሶፍት ይጠረጋል። ፍላቱ አቧራው እንኳ ሳይራገፍ ፌስታሏ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጊዜ ይቋጠርና ከምሳ ዕቃው ጎን ይቀመጣል። ሽሮው ምን እንደሚሰማው የጠየቀው የለም። ጎኗ የተቀመጥን ተሳፋሪዎችም ምንም አላየንም። ሐዋሳ ጨዋ ከተማ ናት፤ ቢሮው ሁሉ፣ ባጃጁ ሁሉ፣ ዘበኛው ጭምር የሚያውቀውን ምስጢር ማንም ለማንም አይናገርም።

ከጥጉ እስከ ቢሮው በር፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለው መንገድ ምናልባት 50 እርምጃ ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ቆዳ የተለፋው፣ ያ ጫማ ባሕር የተሻገረው፣ ደመወዝ ላይ ያ ቀዳዳ የተከፈተው ለእነዚያ 50 እርምጃዎች ነው። መንገዷን ስትጨርስ የሥራ ባልደረባዋ ከወንበሯ ሳትነሳ "ውይ! ሂል እንዴት እንደሚያምርብሽ!" ትላታለች። ልብ በሉ፣ ከወንበሯ ያልተነሳችው በንቀት አይደለም። የራሷ ሂል ጠረጴዛው ሥር ወልቆ አንዱ ወደ መስኮት፣ አንዱ ወደ ግድግዳ ተኝቷል።

ወንዶቻችንንም ሳላመሰግን አላልፍም። ታኮን መጀመሪያ ያደረጉት እነሱ ናቸው። የፋርስ ፈረሰኞች እርካብ ላይ ቆመው ቀስት ሲወረውሩ እግራቸውን የሚይዝላቸው ታኮው ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ወረሱት፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ አድርጎ ተሥሏል፣ እንዲያውም ቀይ ታኮ የቤተ መንግሥት ሰው ምልክት ሆኖ ነበር። (የእኛዎቹ ፈረሰኞች በባዶ እግራቸው፣ አውራ ጣታቸውን ብቻ እርካብ ውስጥ ሰክተው ይጋልቡ ነበር። ምን ጎደለባቸው? ምንም። ይህን ግን ለጊዜው እንርሳው።) ኋላ የአውሮፓ ወንዶች ነገሩ እንደማይመች ሲገባቸው ታኮውን ሙሉ በሙሉ ለሴቶች ለቀቁ። ከዚህ በላይ ልግስና አለ? የዛሬዎቹም ወንድሞቻችን ልግስናውን አላቋረጡም። ጁስ ቤት በረንዳ ላይ በሸራ ጫማ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው፣ "ሴት ልጅ እኮ በሂል ነው ግርማ ሞገስ የሚኖራት" ብለው ይመሰክራሉ። ምስክርነታቸው የሚታመነው አንድም ቀን አድርገውት ስለማያውቁ ነው፤ የግል ስሜት አልገባበትም።

ልግስናው እስከ መሥሪያ ቤት መመሪያ ደርሷል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሲቀጥር ሂል ግዴታ ነው። ምክንያቱ "የተቋሙ ገጽታ" ነው። ልጅቷን ሄጄ አየኋት። የቆመችበት ባንኮኒ እስከ ደረቷ ይደርሳል። ከፊት ለፊት ለሚመጣ እንግዳ እንኳን ጫማዋ ቀበቶዋም አይታይም። ገጽታው ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከወረቀት ቅርጫቱና ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው መካከል ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይውላል። እንዲህ ያለ በማንም የማይታይ ገጽታ መገንባት ትልቅ ትሕትና ይጠይቃል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀጣሪ ሠራተኛን ሂል አድርጊ ብሎ እንዳያስገድድ ከልክላለች። ምን ታድርግ፣ ገጽታ የላት!

ሐኪሞች እንደ ልማዳቸው ይነጫነጫሉ። ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ አውራ ጣት ወደ ጎን ይጠማዘዛል፣ ለዓመታት ሂል ላይ የኖረች ሴት የባት ጡንቻ ያጥርና ጭራሽ ባዶ እግር መሄድ ያማታል ይላሉ። ይህ እኮ ውለታ ነው። ፍላት ማድረግ ካመመሽ ምርጫው ቀለለልሽ፣ ፌስታሏም ቀረች። ደግሞ ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍላትም ለእግር ወዳጅ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ሰፊ ታኮ ይሻላል የሚሉ አሉ። ባለ ሦስት ሳንቲ ሜትር ታኮ! ያንን የሚያደርጉት እናቶቻችን ናቸው፣ እነሱም ጉልበታቸውን አያማቸውም፣ ስለዚህ ከፋሽን ውጪ ናቸው።

ሥልጣኔው ጭራሽ ያልደረሳቸውም አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ሲለቅ መንገድ ዳር ቆማችሁ እግር እግሩን እዩ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ነጠላ ጫማ፣ ሸራ ጫማ፣ ሰንደል። ቀኑን ሙሉ ለባሕር ማዶ ሰው ልብስ ሲሰፉ ውለው እየተሳሳቁ፣ እየተጎታተቱ በፍጥነት ያልፋሉ። አንዳቸውም ኮብልስቶን ውስጥ አይሰካም። አንዳቸውም ላልተደወለ ስልክ "እሺ" አይሉም። ግርማ ሞገስ የላቸውም ማለት ነው፤ የጁስ ቤቱ ሸንጎም ቀና ብሎ አያያቸውም። ለእነሱ ይህ ራሱ ሳይመች አይቀርም።

የሂል ታላቁ በዓል ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ለፎቶ ፍቅር ሐይቅ ሲወርዱ ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት ሂል አድርገው ሣሩ ላይ ይሰለፋሉ። ሣሩ ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ የሐይቅ ዳር አፈር። ፎቶ አንሺው "ጠጋ በሉ፣ ፈገግ በሉ" እያለ መስመር ሲያስተካክል ሚዜዎቹ በየደቂቃው ያጥራሉ። መጀመሪያ የሙሽራው ትከሻ ላይ የነበረችው በሦስተኛው ፎቶ ክርኑ ላይ ናት። ታኮው ሙሉ በሙሉ ሰምጦ ሲያበቃ ሁሉም በእናት ቁመታቸው ይቆማሉ፤ ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የተነሳው ፎቶ ባዶ እግር ቢቆሙ ከሚነሳው ጋር አንድ ነው።

አዳራሽ ሲገባ ደግሞ ሂል ለመግቢያና ለኬክ ነው። የሲዳምኛው ዘፈን ተከፍቶ መዝለል ሲጀመር ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ጠረጴዛ ሥር የጫማ ክምር ይሠራል፣ ፌስታሎች ይፈታሉ፣ የቀረው ሌሊት በፍላትና በባዶ እግር ያልቃል። ሲወጣ ጨለማ ነው፣ ሁሉም ተመሳሳይ ጥቁር ነው፣ ሁሉም በእጁ የገባውን ይዞ ባጃጅ ይሳፈራል። ጓደኛዬ እንዲህ ካለ ሠርግ በገባች ማግስት ስልኳ ጠዋት ጮኸ።

"እህቴ፣ ይቅርታ በጠዋት ቀሰቀስኩሽ። ማታ ዕቃ ሳንቀያየር አልቀረንም።"

"አዎ፣ አዎ! ጥቁር ሂል፣ 38 ቁጥር፣ እኔ ጋ ነው። አዲስ ነው መሰለኝ። ዛሬውኑ ላምጣልሽ?"

"ኧረ እሱን ተይው፣ አድርጊው፣ ያምርብሻል። አብራው አንዲት ፌስታል ነበረች... ፍላቴ እሷ ውስጥ ነው። እባክሽ፣ ሥራ ልገባ ነው፣ በባጃጅ ላኪልኝ፤ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ።"