ድጎማውን ከነጆንያው አትሽጡት

ወገኖቼ፣ የማዳበሪያ ድጎማ በእጃችን ተቆጥሮ የሚሰጠን ብር ስላልሆነ ብዙዎቻችን እንደሌለ እንቆጥረዋለን። ድጎማው ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። ዩሪያው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ በኩል የቀበሌያችን መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን ሲደርስ ከወጪው ከፊሉን የሕዝብ ገንዘብ ሸፍኖታል። የዓለም ዋጋ በናረበት በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ለዚሁ 15 ቢሊዮን ብር መድቦ ነበር። ባለ 50 ኪሎውን ጆንያ ከማኅበር አውጥቶ በማግስቱ ለነጋዴ የሚያስረክብ ሰው እንግዲህ የጎረቤቱንም ድርሻ አብሮ እየሸጠ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከምዝገባው ነው። የልማት ሠራተኛው ፍላጎት ሲሰበስብ ሁለት ጥማድ ያለው አራት ያስጽፋል፤ «መቆረጡ አይቀርም» ይላል። ቁጥሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እያበጠ ይሄዳል። የሚመጣው ግን ያነሰ ነውና ከሁሉም ላይ ይቀነሳል። ያጋነነው የሚበቃውን አልፎም ትርፍ ሲያገኝ እውነቱን የተናገረው ይጎድልበታል። የጎደለበት ሰው ከማን ይገዛል? ከዚያው ካጋነነው፣ በደላላ በኩል፣ በተወደደ ዋጋ። ይህ ነውር ነው፤ ነውር መሆኑንም በየዕድራችን አፍ አውጥተን ልንነጋገርበት ይገባል።

ምርቱ ለባለመሬቱና ለአራሹ እኩል ሊካፈል፣ በእኩል በሚታረስ መሬት ላይ ደግሞ ይብሳል። የመሬት ደብተሩ በባለመሬቱ ስም ስለሆነ ማዳበሪያውን የሚያወጣው እሱ ነው። ሸጦት አራሹን ባዶ እጁን ወደ እርሻ ይሰደዋል፤ በመኸር ግን «እኩሌን አምጣ» ይላል። በምዝገባ ቀን ሁለታችሁም ቅረቡ፤ የአራሹ ስምም ከባለመሬቱ ጎን ይጻፍ።

የማኅበር አመራሮች፣ የገባውን መጠንና የእያንዳንዱን አባል ድርሻ በመጋዘኑ በር ላይ ለጥፉ። ሌሊት አታስጭኑ። አባሎችም ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ፤ ጆንያውን ሚዛን ላይ አውጡት፤ ስፌቱ የፋብሪካ መሆኑን እዩ፤ በእጅ የተሰፋውን አትቀበሉ።

ከመንገድ የገዛችሁት ዩሪያ ካጠራጠራችሁ ጥቂቱን በብርጭቆ ውኃ በጥብጡት። ንጹሕ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ብርጭቆውንም ያቀዘቅዘዋል። ከሥር የሚዘቅጥ ካለ አሸዋ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ተደባልቆበታል። ጨው ቢደባለቅበት ግን እሱም ስለሚሟሟ በውኃ ብቻ አይለይም፤ በጋለ ምጣድ ላይ ጣሉት። ዩሪያው ቀልጦ እየሸተተ ይተናል፣ ጨው እየተንጣጣ ይቀራል። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) ንጹሕ ሆኖም ዝቃጭ ሊተው ስለሚችል በዚህ መንገድ አትፈትኑት።

ሳይሸጡ አየር ላይ የሚበትኑትም አሉ። በአንድ ጆንያ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ዩሪያው መሬት ላይ ተረጭቶ አፈር ካልለበሰ ከናይትሮጅኑ ብዙ በጋዝ መልክ ሊጠፋ ይችላል። ሲሶውን ስትዘሩ፣ የቀረውን ስንዴው ሲያጎነቁል (ከሥሩ ተጨማሪ ግንድ ሲያወጣ) ጨምሩ፤ በቆሎ ሲሆን ግን ጉልበት ሲደርስ፣ ከግንዱ አንድ መዳፍ ያህል አርቃችሁ፣ አፈር መልሱበት። መጀመሪያ አርሙ፤ አለዚያ የምታበሉት አረሙን ነው። ውኃ የተኛበት ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ ከመጨመራችሁ በፊት በቦይ አጠንፍፉት።

ኤንፒኤስ ሙሉውን በዘር ጊዜ፣ ከዘሩ አጠገብ ይግባ፤ ፎስፈረስ ከተቀመጠበት አይንቀሳቀስምና። በአሲዳማው ደጋ አፈር ላይ ደግሞ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ስለሚያስሩት፣ እየጨመራችሁ ምርት ካልታያችሁ መጠኑን አታብዙ። አፈሩን በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አስመርምሩ፤ ኖራ ከታዘዘላችሁም ከዘር አንድ ወር ያህል አስቀድማችሁ ከአፈሩ ጋር አዋሕዱት።