ለቁጠባ ገንዘብ አጠረን

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደሴ መናኸሪያ ጎራ ካላችሁ የኮምቦልቻ ሚኒባስ የሚጠብቁትን ሰዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ባዶ ዘንቢል ያንጠለጠለ ካያችሁ ገለል ብላችሁ አሳልፉት። ቆጣቢ ነው።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ከእነዚህ ጀግኖች አንዱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋታ የለውም። ለአንድ ፊርማ ብትለምኑት «ነገ» ይላል፤ እናቱ ሲደውሉ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ቲማቲም ኮምቦልቻ በኪሎ አስር ብር ቀንሷል የሚል ወሬ ጆሮው የገባ ቀን ግን ያ የጠፋው ፋታ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ይገኛል። ይህን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የጦሳን ተራራ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ባልደረባዬ ለአምስት ኪሎ ቲማቲም ሲል ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያ ያንኑ ሽቅብ ይመለሳል። ጣሊያን ይህን መንገድ ሲጠርብ ያሰበው ለጦር መኪና ነበር። ለቲማቲም መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ መታጠፊያዎቹን ትንሽ ሰፋ ባደረጋቸው!

ሒሳቡን ቀርባችሁ እዩት። አምስት ኪሎ በአስር ብር፣ ሃምሳ ብር ንጹሕ ትርፍ ነው። የሚኒባሱ ደርሶ መልስ ከዚያ ይበልጣል፤ ነገር ግን ትራንስፖርት በሌላ ዓምድ የሚመዘገብ ስለሆነ ቲማቲሙን አይነካውም። ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ይቀበለዋል፤ የደሴን ብርድ ፈርቶ የደረበው ሹራብ ያልበዋል፤ ቀዝቃዛ ነገር መጠጣት ግድ ይሆናል። ቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ድረስ ሄዶ ውሃ ጠጥቶ መመለስ ደግሞ ከተማዋን መናቅ ነው። አክስቱም እዚያው ይኖራሉ። ዘመድ ቤት ባዶ እጅ ስለማይኬድ አንድ ኪሎ ስኳርና ሙዝ ይገዛል። ይህ ዝምድና ነው፤ ዝምድና በገንዘብ አይተመንም፤ ስለዚህ አይጻፍም።

አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። ስንመለስ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ወደ ግራ ሲያጋድል ከኋላችን የተጫነ የሽንኩርት ማዳበሪያ ዘንቢላችን ላይ ተጋደመ። መጀመሪያ ምንም ድምፅ አልነበረም። ቀጥሎ ለብ ያለ ነገር ጫማዬ ውስጥ ገባ። አጠገባችን የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ወደ ወለሉ አይተው ደነገጡና «ሰው ተጎዳ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ደሴ ስንገባ ከአምስቱ ኪሎ ሁለቱ ቲማቲም፣ ሦስቱ ስልስ ነበር። ባልደረባዬ ቅር አላለውም። ሱሪውን እየጠረገ «ከመክተፍ ተገላገልን» አለኝ።

ሰኞ ገበያን የምታህል ገበያ እዚሁ ደሴ ውስጥ እንዳለች ላስታውሰው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሰኞ ገበያ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? ገበያተኛ። ማንም ገበያተኛ ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረትም ለድሮ ሰው የተነገረ ነው። እኛ ቆጡንም በዱቤ ገዝተነዋል።

በእጅ ሥራ በኩልስ ማን ይደርስብናል? በቅርቡ አንድ ቢሮ ጉዳይ ነበረኝ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ሁላችሁም የእናንተው ሠፈር ያለው ይመስላችኋል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው እህት አቀርቅራ ትሠራለች። እንዲህ ተግታ የምትሠራ ሠራተኛ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ስለሆነ በአክብሮት ጠጋ አልኩ። ኪሮሽ ይዛለች። ነጭ ክር በሌባ ጣቷ ላይ ዞሮ፣ ልቃቂቱ ከማኅተሙ አጠገብ ተቀምጧል።

«ሲስተም የለም» አለችኝ ቀና ሳትል።

«መቼ ይመጣል?»

«ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት...»

ቀኑን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ለካ መልሱ ለእኔ አልነበረም፤ የምትቆጥረው ዳንቴሏን ነው። ቆሜ ስጠብቅ ጨዋታ ጀመርን። ቤቷ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የውሃ ጆጉ፣ የሪሞቱ ማስቀመጫ ሁሉ ለብሰዋል። ራቁቱን የቀረው የጋዝ ሲሊንደሩ ብቻ ስለሆነ አሁን የያዘችው የእርሱን ነው። «በዚህ ኑሮ ገዝቶ አይቻልም» አለችኝ። ክሩ ስንት እንደፈጀ ጠየቅኋት። «ክሩንማ ማን ይቆጥራል?» አለችና ወደ ቆጠራዋ ተመለሰች። ከእርሷ ቀጥሎ የእጅ ፎጣ በኪሮሽ ጀምራ ሁለተኛ ወሯን የያዘች ሌላ እህት ተቀምጣለች። ፎጣና አንሶላ የሚያመርተው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሐረጎን ወርዶ ያለ ነው። ከእርሱ ጋር በአንድ እጅና በአንድ ኪሮሽ፣ ያውም በሥራ ሰዓት ለመወዳደር ልብ ይጠይቃል። ጉዳዬ አላለቀም፤ ሲሊንደሩ ግን እስካሁን ሳይለብስ አይቀርም።

ሌላውን ብቻ እያመሰገኑ ራስን መዝለል ስስት ይሆንብኛል። የወጥ ቤት መደርደሪያ ላሠራ አናጺ ጠርቼ ዋጋውን ሲነግረኝ ተቀየምኩት። የዚያኑ ዕለት ማታ በስልኬ ላይ አንድ ሰው ከተጣለ የዕቃ መጫኛ እንጨት በአንድ ደቂቃ ውስጥ መደርደሪያ ሠርቶ ሲሰቅል አየሁ። አንድ ደቂቃ! አናጺው ሁለት ቀን ነበር ያለኝ። እንጨቱን በነጻ አገኘሁ። ከዚያ ለነጻው እንጨት የሚሆን ድሪል ገዛሁ፤ ለድሪሉ ፊሸርና ቪቴ፤ ለቪቴው ካቻቪቴ፤ ውሃ ልክ፤ ብርጭቆ ወረቀት፤ ቨርኒሽ። የድሪሉ ዋጋ ብቻውን የአናጺውን ሁለት እጥፍ ነበር። ባለቤቴ ዝም ብላ አየችኝ። «ድሪል እኮ ንብረት ነው» አልኳት። ሰው ስህተቱን ንብረት ብሎ መጥራት ሲጀምር ቤተሰቡ ዝም ቢል ይሻላል፤ እርሷም ዝም አለች።

የምኖርበት ቤት እንደ ብዙዎቹ የደሴ አሮጌ ቤቶች የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ከጎረቤት የሚለየንም አንድ ግድግዳ ነው። ድሪሉ መጀመሪያ ኖራውን በላ። ቀጥሎ ጭቃውን። ጭድ እየተበተነ ወለሉ ላይ ረገፈ። ከዚያ በኋላ ምንም የሚይዘው ነገር ጠፋና እስከ እጀታው ሰመጠ። ሳወጣው በቀዳዳው ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር የቡና ጭስ።

«ልጄ» አለኝ ከወዲያ የጎረቤቴ የእማማ ድምፅ፤ «ቡና አማረህ እንዴ? ታዲያ በበሩ ና እንጂ!»

በበሩ ሄድኩ። እኚህ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ስለ ቁጠባ ምንም አያውቁም። ጀበናው ከሰሉ ላይ እየተንተከተከ እርሳቸው እንዝርት ያሾራሉ። ባዘቶው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ክሩ ከጣታቸው ሥር እየቀጠነ ይወጣል፤ ዓይናቸው ከጀበናው አፍ አይነቀልም፤ ምላሳቸው የእኔን የልጆች ጤንነት ይጠይቃል። አቦል ሲቀዳ እንዝርቱን አስቀመጡት፤ ቶና እስኪፈላ መልሰው አነሡት፤ በረካ ሲደርስ ድውሩ ጠግቦ ነበር። የልጅ ልጃቸው ጋቢ ነው አሉኝ። በዚያ መሐል አንዴ ብድግ ብለው የሽሮውን ድስት አማስለው ተመልሰዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ «ፋታ የለኝም» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ፎቶም አላነሡ፤ ለማንም አላሳዩ። የዚያን ያህል ሥራ ያለ አንድ ተመልካች ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

ቡናው ሲያልቅ መረቁኝ። ግድግዳውን አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩና «እጅህን ይባርክልህ» አሉኝ። በማግሥቱ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ጭቃና የጤፍ ጭድ ለውሰው ቀዳዳውን በመዳፋቸው መረጉት። ምንም አላወጡም። ደረሰኝ የለው፣ ዕቃ የለው፣ ይህ ቁጠባ ነው ብላችሁ ብታወሩ ማን ያምናችኋል?

ወደ ወጥ ቤት እንለፍ። በእነ ባልደረባዬ ቤት በርበሬ ከባልትና መግዛት ብክነት ነው ተብሎ ተወሰነ። ሃያ ኪሎ ዛላ በርበሬ ተገዛ፤ እርሱም የዓመት ፈቃድ ሞላ። የፈቃዱ ቅጽ ላይ ምክንያቱን «ማኅበራዊ ጉዳይ» ብሎ ጻፈ፤ ሃያ ኪሎ በርበሬ መቀንጠስ ማኅበራዊ ጉዳይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ለቅንጠሳው ደቦ ተጠራ። ስምንት ሰው መጣ። ስምንት ሰው ቀን ሙሉ ዓይኑ እያለቀሰ ሲሠራ ደረቅ እንጀራ አይቀርብለትም፤ ሁለት ዶሮ ታረደ፤ ለዶሮው የሚሆን በርበሬ ከባልትና ተገዛ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን አሠርተው እዚችው ከተማ ሰው ሲያበሉ ግብር አሉት እንጂ ቁጠባ አላሉትም። የዛሬ ሰው በስንት ነገር ይበልጣል!

ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ ተገዛ፤ በርበሬው ተደልዞ ሰሌን ላይ ተሰጣ። ያልታሰበው ደሴ ፀሐይ ሳይሆን ጉም የምታበቅል ከተማ መሆኗ ነው። ጠዋት ይሰጣል፣ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ እየተሯሯጡ ይሰበሰባል፣ ሲገለጥ መልሶ ይሰጣል። በአራተኛው ቀን ሻጋታ ሳይጀምረው አልቀረም። ባልደረባዬ ግን ሽንፈትን የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ በርበሬውን በማዳበሪያ ጭኖ ፀሐይ ወዳለበት፣ ኮምቦልቻ አክስቱ ግቢ ወረደ። ስኳርና ሙዝ ይዞ። ከሦስት ቀን በኋላ ደርቆ ሲመለስ የአንደኛው ማዳበሪያ አፍ መንገድ ላይ ተፈታና ሚኒባሱ ሐረጎን ከታች እስከ ላይ እያስነጠሰ ወጣው። ረዳቱ ሒሳብ የሰበሰበው ሻሹን አፍንጫው ላይ አስሮ ነው።

እንጀራውም ቤት ውስጥ ይጋገራል፤ ያውም ትኩሱን ለመብላት በየቀኑ አራት አራት። ሊጥ ለመብሰል ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈልግ ቤቱ ውስጥ ዕድሜያቸው የተለያየ ሦስት ቡሆዎች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጠጣል፤ ለአራት እንጀራም ለሠላሳ እንጀራም መጀመሪያ መጋል አለበት። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው እርከን ስለሚያወጣ፣ ባልደረባዬ በዚህም ተራራ መውጣቱን አልተወም።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሁላችንም ሒሳብ ተማሪ መሆናችን አይካድም። ደመወዙ ከወር አጋማሽ የማያሻግረው ሰው በዚህ ምስጋና ውስጥ አለመጠቀሱን አስተውሎ እንዳይቀየመኝ። እርሱ ሳይወድ በግዱ ይቆጥባል፤ እንደኛ ለቁጠባ የሚመድበው ትርፍ ገንዘብ ስለሌለው ከማኅበራችን ሊገባ አልቻለም።

እኛ ቤት ወጪ የሚመዘገብበት የቆዳ ሽፋን ያለው ደብተር ተገዝቷል። ባለፈው እሑድ ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ደመርነው። ድሪሉ «ንብረት» በሚለው ሥር ነው፤ ኮምቦልቻ የጠጣነው «ጤና» በሚለው ሥር፤ መደርደሪያው ዜሮ ብር ተብሎ ተጽፏል፤ እንጨቱ ነጻ ነበራ። የሚሰቀልበት ግድግዳ ስላልተገኘ መደርደሪያው ወለል ላይ ቆሟል፤ የላይኛው እርከን ላይ ድሪሉ ተቀምጧል። ባለቤቴ ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «የዚህ የራሱ ዋጋ የታል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ እየፈለግሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። ባልደረባዬ ነው።

«ሐይቅ ከተማ ዓሣ ረክሷል አሉ» አለኝ። «30 ኪሎ ሜትር ምን አላት? ቅዳሜ በጠዋት እንውጣ። እንዳይበላሽብን ግን በረዶ የሚይዝ ሣጥን ያስፈልገናል።»

«ስንት ነው የሚሸጠው?» አልኩት።