ጣቱን አይንሳን

ባለፈው ሳምንት አንድ ኮፒ ቤት ሰነዶቼን ስካን እያስደረግሁ ነበር። ኮምፒውተሩ ትንሽ አንጎራጎረ። ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ማሽኑን ሳያጠፋ፣ ጎኑ በተከፈተው ኬዝ ውስጥ እጁን ሰደደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ሴቭ ያልተደረገው ስካን በሙሉ እልም። የልጁን ፊት ግን ባያችሁ! በደስታ ይበራል። ድምፁ ቆሟላ!

ይህን ጀግና ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እኛ ደግሞ ማማረር እንጂ ማመስገን አልለመደብንም። ዛሬ ላመስግነው።

ድፍረቱ ይመስገን። አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ፣ ከዚያ መክፈት የፈሪ ሥራ ነው። ማኑዋል የሚጽፉት ሰዎች እንዲህ ዓይነት ፈሪዎች ናቸው፤ "መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ" ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም። የኛ ሰው ማኑዋሉን አልጣለውም። የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር አስቀምጦታል።

የኬዙ የጎን ሽፋን ከተነሳ ቆይቷል። "ንፋስ እንዲያገኝ ነው" ይላል። ንፋሱ ከመንገዱ ይዞት የሚገባው አቧራ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ሽፋኑም ቢሆን ሥራ አልፈታም። በማርከር ተጽፎበት በር ላይ ቆሟል፦ "ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ቅጽ እንሞላለን።"

ኮምፒውተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን መዞሩን እንዴት ያረጋግጣል? ማየት ይቻል ነበር። ግን ዓይን ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም። በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከረውን ፋን በሌባ ጣቱ ይነካዋል። ጧ! "ይሠራል" ይላል ጣቱን እየመጠጠ። የተመጠጠችው ጣት ለድጋሚ ምርመራ ከነእርጥበቷ ተመልሳ ትገባለች። በዚህኛው ዙር የፋኑ አንድ ክንፍ ይሰበራል። ክንፉ የጎደለ ፋን ሚዛኑን ይስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል። ድምፅ መጣ ማለት ነው። ለድምፅ ደግሞ መድኃኒት አለ፤ የእስክሪብቶ ክዳን ይወሸቅበታል። ድምፁ ቆመ። ፋኑም አብሮ ቆመ። የኮምፒውተሩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አልሆን ሲለው ይጠፋል። ጀግናችን ኮምፒውተሩ መንቀርፈፉን አይቶ ምን አለ?

"ቫይረስ ገብቶበታል።"

በዚህ ጊዜ ወረፋ የያዘው ሕዝብ አማካሪ ቦርድ ይሆናል። አንዱ "ራሙን ነቅለህ በላጲስ ጥረገው" ይላል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፣ ማሽኑ ጠፍቶና ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ። ግን ማን ያጥፋው? ማጥፋት ጊዜ ይወስዳል፣ ደንበኛ ቆሟል። ስለዚህ ራሙ፣ ያቺ የማስታወሻ ቁራጭ፣ ማሽኑ እየሠራ ከነነፍሱ ይነቀላል። ስክሪኑ ጭልም ይላል። "አላልኳችሁም? ችግሩ ከስክሪኑ ነው!" ስክሪኑ ሁለት ጥፊ ይቀምሳል። ከኋላ አንድ አባት "ስክሪኑን ተወው፣ ሳጥኑን ነው መምታት" ይላሉ። ሳጥኑም የድርሻውን ያገኛል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ደግሞ በደቂቃ 7200 ጊዜ እየዞረ ነው። የሚያነበው ጫፍ ከሳህኑ በላይ በናኖ ሜትር በሚለካ ክፍተት ይንሳፈፋል። አንድ ደህና ምት ከመጣ ጫፉ ሳህኑን ይፍቀዋል። የአንዷ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአንዱ የሰርግ ፎቶ ተፋቀ ማለት ነው። አባት ግን ረክተዋል፤ ምክራቸው ተሰምቷል።

ጀግናችን ሲጠየቅ የሳይንስ መልስም አለው። "ማዘርቦርድ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ ላይ ያለው 12 ቮልት ነው፣ 12 ቮልት ምን ያመጣል?" እውነቱን ነው፣ 12 ቮልት ሰው አይገድልም። ቮልቱ ትንሽ ቢሆንም አምፒሩ ግን ብዙ ነው። የቃል ኪዳን ቀለበቱ መገናኘት የሌለባቸውን ሁለት ነጥቦች ካገናኘ ኮንታክት ይፈጠራል። ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ደህና መከላከያ ካለው ጠፍቶ ይገላግለዋል። ከሌለው ቀለበቱ ይግላል፤ ትዳሩ እንደገና የሞቀ መስሎት ይደሰት። ካቻቢቴ ወይም አንዲት ብሎን ካመለጠችውም ነገሩ ያው ነው፣ የሚቃጠለው ግን ማዘርቦርዱ ነው።

ሹራብ ሲታሽ ስለሚነሳው ስታቲክ ኤሌክትሪክ አላወራም። ሰው 3000 ቮልት አካባቢ እስኪደርስ አይሰማውም፣ አንዳንድ ቺፕ ከ100 ቮልት በታችም ይሞታል። ያልተሰማው ነገር ለጀግና ምኑ ነው?

አሁን ግን ማሾፉን ላቁም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው 12 ቮልት አይደለም። ከግድግዳ የመጣው 220 ቮልት እዚያ ውስጥ ከ300 በላይ ይሆንና ካፓሲተር በሚባለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ላይ ይከማቻል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ይህን ጀግናችን ጠንቅቆ ያውቃል። በምን ታወቀ? ራሱ አይነካውማ! የሚያስነካው ሥራ ሊለምድ የመጣውን ልጅ ነው። "አይዞህ፣ ምንም አይልህም" ብሎ። የሰው ልጅ ቴስተር ነው እንዴ? ያ ልጅ እናት የለውም?

ሦስተኛዋን የሶኬት እግር "ትርፍ ናት" ብሎ በፒንሳ የሚቆርጠውም አለ። ያቺ እግር ግን ኤርዝ ናት፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምትወስደው። ኤርዝ የሌለው ኬዝ ይነዝራል። ጸሐፊዋ "ነዘረኝ" ስትል "ሰበብ ፈለግሽ" ትባላለች። ቢያዝንላት "ነጠላ ጫማ አድርጊ" ይላታል። የመሥሪያ ቤቱ የደኅንነት መመሪያ እንግዲህ ነጠላ ጫማ ሆኖ ቀረ። የቆረጣትን እግር መልስ ቢሉት አያውቅም፣ ፒንሳው የት እንዳለ ግን ያውቃል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፣ የሂሳቡ ነገር ስላለ። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ በኋላ ጀግናችን ላቡን ይጠርጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃሉን ይሰጣል፦ "ድሮም ደክሞ ነበር።" አዲሱን ማዘርቦርድ ባለቤቱ ይገዛል። ለጣቱ ደግሞ "የምርመራ" ተብሎ ለብቻው ይከፈላል።