ላባ ወይስ ፕላስቲክ? የፖቶማክ ባስ አጥማጆች ክርክር

ሁለቱም የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎች ናቸው። ሁለቱም ፖቶማክ ወንዝ ላይ ስሞልማውዝ ባስ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ያውም በፍላይ። ፍላይ ማለት ዓሣው የሚበላውን ነገር እንዲመስል መንጠቆ ላይ በክር የሚታሰር ማታለያ ነው። ሁለቱም ቤታቸው ትንሽ ሞርሳ አላቸው፤ የሚጠቀሙበትን ራሳቸው ያስራሉ። የማይስማሙት በሚታሰረው ነገር ላይ ነው። ጋሼ ላባና ጸጉር ይላሉ። እህታችን ሲንቴቲክ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ የፕላስቲክ ጭረት፣ ትላለች። ተጻጻፉ ብለናቸው ተጻጽፈዋል።

ጋሼ፦ ላባና ጸጉር

ልጄ፣ ክርክሩን ከውኃው ልጀምር።

ማራቡ የሚባለውን ላባ አንሺ። ደረቁን ስታይው የጥጥ ባዘቶ ይመስላል፤ እፍ ቢሉት ይበናል። ውኃ ሲነካው ጭምድድ ብሎ ክር ያክላል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ተስፋ ይቆርጣል። አንቺ ግን ወራጁ ላይ ጣል አድርጊውና ጠብቂ። ይከፈታል፣ ይሰበሰባል፣ ይርገበገባል። እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ እሱ ይንቀሳቀሳል። ስሞልማውዝ ተጠራጣሪ ዓሣ ነው። ነሐሴ ላይ ውኃው ሲያንስና ሲጠራ ከኋላ ተከትሎ ይመጣና ቆሞ ያያል። በዚያች ቅጽበት ማታለያው ድርቅ ካለ ዞሮ ይሄዳል። ማራቡ ቆሞም ይተነፍሳል።

ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከአባ ኮዳ ነው። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። አጥማጆች የሚጥሉትን የዓሣ ሆድ ዕቃ ቆሞ የሚጠብቀው ያ ራሰ በራ ወፍ ነው። እንግሊዞቹ ማራቡ ይሉታል። ድሮ ላባው የሚወሰደው ከእሱ ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ላባ ነው። እኔ ግን ፓኬቱን በከፈትኩ ቁጥር ሐዋሳ ትዝ ይለኛል።

የአጋዘን ጸጉር ደግሞ ሌላ ተአምር ነው። የገላው ጸጉር ውስጡ ባዶ ነው፤ አየር ይይዛል። ቆንጠር አድርገሽ መንጠቆው ላይ ታስቀምጪና ክሩን ሁለት ዙር ትጠቀልያለሽ። ጠበቅ ስታደርጊው ጸጉሩ በአንድ ጊዜ ብትን ብሎ ይቆማል። ሌላ ቆንጥር፣ ሌላ ዙር። እየገፋሽ ታጠጋጊዋለሽ። ከዚያ በምላጭ ከርክመሽ ቅርጽ ስታወጪለት የሚንሳፈፍ እንቁራሪት ይሆናል። ማታ ማታ፣ ፀሐይ ከዛፎቹ ጀርባ ስትገባ፣ ባሱ ይህንን ከላይ ሲመታው ድምፁ ልብ ያስደነግጣል።

ላባውም ባዕድ አይደለም። አጥማጆች እዚህ በውድ የሚገዙት ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር የአውራ ዶሮ አንገት እኛ ገብስማ የምንለው ዓይነት ነው። ልጅ ሆኜ ለበዓል ዶሮ ስነጭ ያንን ላባ ስንቱን ከውኃው ጋር ደፍቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖቶማክ ታች ድንጋይ ነው። መንጠቆ ይቀራል፤ የሁላችንም ይቀራል። የእኔ ላባና ጸጉር ይበሰብሳል። ያንቺ ፕላስቲክ እየተበጣጠሰ እዚያው ይኖራል። ዋሽንግተን የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ የተጠለፈ ውኃ ነው። ቡናችንን የምናፈላበት ማለት ነው።

እህታችን፦ ሲንቴቲክ

ጋሼ፣ ስለ ማራቡ ያሉትን አልክድም። እኔም የጀመርኩት በእሱ ነው። የተውኩት በምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ብል ነው። አንድ ክረምት ሣጥኔን ዘግቼ አስቀመጥኩ። ሁለት ሙሉ የዶሮ አንገት ቆዳ፣ የጥንቸል ቆዳ፣ የፒኮክ ላባ ነበረበት። መጋቢት ላይ ስከፍተው ሣጥኑ ታች አሸዋ የመሰለ ብናኝ አለ። አንገቱን ሳነሳው ላባው በእጄ ላይ ረገፈ። የቀረው ነጭ ዘንጉ ብቻ ነው። ቀጥሎ የእናቴን ነጠላ ያስቀመጥኩበትን ቁም ሣጥን እንዴት እንዳራገፍኩ እኔ አውቃለሁ። ሲንቴቲክ ብል አይበላውም።

ሁለተኛ፣ ጊዜ። የሌሊት ተረኛ ነኝ። ለማሰር የማገኘው በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የአጋዘን ጸጉር ይመረጣል፣ ሥሩ ላይ ያለው ለስላሳ ጸጉር በማበጠሪያ ይወጣል፣ ጫፉ ይስተካከላል። ሰው ሠራሹ አንድ ዓይነት ርዝመት፣ አንድ ዓይነት ውፍረት ነው። ቆርጬ አስራለሁ። ደግሞም ይበረክታል። የባስ አፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ሦስተኛው ዓሣ ላይ የእርስዎ ላባ ተበጥሷል፣ የእኔ ገና ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ለባስ ወሳኙ ጥልቀት ይመስለኛል። ክላውዘር የሚባለውን ፍላይ ነገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ ፔንስልቫኒያ ውስጥ ሳስኩዌሃና ወንዝ ላይ ለዚሁ ለስሞልማውዝ ያወጣው ነው። ስም ያወጣለት ደግሞ ታዋቂው የሜሪላንድ ፍላይ አጥማጅ ሌፍቲ ክሬ ነው። ጸጉሩ የአጋዘን ጅራት ነው፣ እሺ። ግን የአጋዘን ጅራት ከዚያም በፊት ለዘመናት ይታሰር ነበር። አዲሱ ነገር ሁለት ኳስ ያለው የብረት ዓይን ነው። ዓይኑ ይከብዳል፣ ፍላዩ በግንባሩ ይወርዳል፣ ሲሳብ ይነሳል፣ ሲለቀቅ ይወድቃል። እንደቆሰለ ትንሽ ዓሣ። ዓሣው የሚመታው ሲወድቅ ነው። ጸጉሩን አውጥተው ሲንቴቲክ ቢያስሩበት አወዳደቁ ያው ነው።

ስለ ተፈጥሮ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ስሞልማውዝ ራሱ የፖቶማክ ተወላጅ አይደለም። በ1854 በባቡር፣ በሎኮሞቲቩ የውኃ ጋን ውስጥ ከዊሊንግ ፖቶማክ ዳር ወዳለችው ከምበርላንድ መጥቶ የተለቀቀ ነው። የሚወዱት ዓሣ ሰው ያመጣው ነው። ማታለያው ሰው ሠራሽ ቢሆን ምን ያስከፋል?

ጋሼ

የብሉ ነገር አሳዝኖኛል፤ ደርሶብኛልና። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አዲስ ላባ ወደ ሣጥን ከመግባቱ በፊት በላስቲክ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ሳምንት ይቆይ፣ ይውጣ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለስ። ከዚያ እያንዳንዱን በየራሱ ላስቲክ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ባቡሩ እውነት ነው። ግን ዓሣው ከመጣ ከ170 ዓመት በላይ ሆነው። እዚያ ይራባል፣ ወንዱ ጎጆውን በአሸዋና በጠጠር መሃል ጠርጎ ልጆቹን ይጠብቃል። እንግዳ የነበረ ሰው አገር ሲለምድ ምን እንደሚመስል አንቺም እኔም እናውቃለን። የወንዙ ጤና አሁን የእሱ ጤና ነው። በ2003 በዚሁ ወንዝ ደቡብ ገባር ላይ በወንዶቹ ባሶች የዘር ፍሬ ውስጥ እንቁላል ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ውኃ የምንጨምረው ነገር ሁሉ ያሳስበኛል። አንድ ፍላይ ምንም አይደለም ትይኛለሽ። እኔ ግን ለሰላሳ ዓመት ስንት እንዳስቀረሁ አስባለሁ።

ስለ ክላውዘሩ ተሳስተሻል። መውደቁ ይጠራዋል፤ ልክ ነሽ። አፉን የሚያስከፍተው ግን ከወደቀ በኋላ ታች ላይ የሚያደርገው ነው። ሲንቴቲኩ ሲቆም ይቆማል። የአጋዘን ጅራት ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን ሥሩ ቆሞ ጫፉ ይንቀሳቀሳል።

እህታችን

ፍሪዘሩን እሞክራለሁ። አመሰግናለሁ።

ስለ ውኃው ግን፣ ጋሼ፣ ሣጥንዎን አብረን እንፈትሽ። የክላውዘሮችዎ ዓይን እርሳስ ነው። እርሳስ መርዝ ነው። የእኔ ናስ ነው። የሚያስሩበት ክር ፖሊስተር ነው። ጭንቅላቱ ላይ የሚቀቡት ሙጫ ኬሚካል ነው። ላባው ሲበሰብስ እነዚህ ይቀራሉ።

ደግሞ የተፈጥሮ ሁሉ ከችግር ነፃ አይደለም። ወንዙ ዳር ወድቆ ያገኙት የሳቢሳ ላባ ያምራል፤ ማንሳቱ ግን ክልክል ነው። ከ1918 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍልሰተኛ አእዋፍ ሕግ መሬት ላይ የወደቀውንም ይጨምራል። አዲስ ሰው ሲያስተምሩ ይህንን ቀድመው ይንገሩ። ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም።

የሚንሳፈፈውን እንቁራሪት እለቅልዎታለሁ። ፎሙን ሞክሬዋለሁ፤ ውኃው ላይ ጠብ ሲል ድምፁ ጠንካራ ነው። የአጋዘኑ ለስለስ ብሎ ያርፋል። እሱን ያስተምሩኝ።

ጋሼ

በእርሳሱ ረታሽኝ። ትናንት ሣጥኔን ቆጠርኩ፤ አርባ ሦስት ናቸው። እየቆረጥኩ አውጥቼ በናስ አስራቸዋለሁ። በክሩ ግን ገና ነን፤ የሐር ክር አለ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ቅዳሜ ከረፋዱ በፊት ወንዙ ዳር፣ ሴኔካ እንገናኝ። ምላጭ አምጪ። ጸጉሩን እኔ እይዛለሁ።